መቼ መቼ ይጮኻል?

ሕክምና የሚማር ሰው በጎማ ጉዳይ ምን አገባው እንዳትሉኝ። አብሮኝ የሚኖረው ሱዳናዊ ጓደኛዬ ከሟች አጎቱ የወረሳት የ1972 ሥሪት ዳትሰን 240ዜድ አለችው። የሁለት ወር አበሉን ከስክሶ ሰፋፊ ቸርኬና ጎማ ገጠመላት። ገና ከግቢ ስንወጣ ከፊት እግሯ የመፋቅ ድምፅ ተሰማ። ወዲያው «ፓራፋንጎውን አስቆርጣለሁ!» አለ። የአጎቱን መኪና!

እኔ ደግሞ ሕመሙ የት እንዳለ ሳይታወቅ ቢላዋ ሲነሣ አልወድም። «መቼ መቼ ይጮኻል?» አልኩት። መሪ ሲዞር? ጉብታ ስንሻገር? ነድተን አየነው፤ በደልዳላ መንገድ ቀጥ ብለን ስንሄድም ይጮኻል። ፓራፋንጎው ቢሆን ኖሮ ስንታጠፍ ወይም ስንነጥር ነበር የሚብሰው። ሁልጊዜ የሚፋቀው ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞርና አብሮ የሚነሣ ነገር መሆን አለበት፤ ይኸውም በአሞርዛተሩ ላይ የተበየደው የሞላው መቀመጫ ነው። ጠመኔ ቀብተን ብንሞክር እውነትም ከዚያው ተፍቆ ተገኘ።

የፋብሪካው ቸርኬ ስፋት 4.5 ኢንች ነበር፣ አዲሱ 7 ነው። መኻሉ ካልተለወጠ ትርፉ እኩል ይከፈላል፤ 32 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውጭ፣ ያንኑ ያህል ወደ ውስጥ። ሰው ግን የሚያየው የውጩን ብቻ ነው።

በመኻል ስፔሰር እናስገባ ቢልም ብሎኑ አጭር ነው፤ ዳዶው በጥቂት ጥርስ ተንጠልጥሎ ከሚቀር ጎማው ቢፋቅ ይሻላል። በመጨረሻ 205/70 የነበረውን ጎማ በ195/60 ለወጠው፤ ቁመቱ ከ64 ወደ 59 ሳንቲሜትር ወርዶ ከመቀመጫው ሥር አለፈ። ለልዩነቱ ከእኔ ተበድሯል። የፍጥነት መለኪያው አሁን ከእውነተኛው ፍጥነት በላይ ያሳያል፤ እሱ ግን በዚህ ደስ ብሎታል።