ንግሥቲቱ የትኛዋ ናት?

ዝናብ በጣለ ማግሥት ልጃችሁ አንዲት ጉንዳን በጠርሙስ ይዞ «እማዬ፣ ንግሥት አገኘሁ!» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? ጉንዳን ማርባት ዛሬ በብዙ አገር የልጅ የአዋቂው ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሆኗል። የእኔም የአሥር ዓመት ልጅ ከገባበት ሁለተኛ ክረምቱ ነው። ታዲያ የተያዘችው ተራ ሠራተኛ ከሆነች ልጁ እንቁላል እየጠበቀ ሳምንታት ይቆጥራል፤ እሷም ከወገኖቿ ተነጥላ ብዙ ሳትቆይ ትሞታለች። ስለዚህ አስቀድሞ መለየቱ ይሻላል።

በመጀመሪያ፣ መብራት ሥር የሚረግፈው ክንፋም ሁሉ ጉንዳን አይደለም። አሸን የምንለው የምስጥ ወገን ነው። ምስጥ ወገቡ ድፍን፣ አራቱ ክንፎቹም እኩል ናቸው። ጉንዳን ግን ወገቧ ቀጭን፣ የፊት ክንፏ ከኋለኛው የሚረዝም፣ አንቴናዋም እንደ ክርን የታጠፈ ነው።

በትልቅነቷ ብቻ አትፍረዱ። በአንዳንድ ዝርያዎች ራሳቸው የገዘፈ ሠራተኞች አሉና። ደረቷን ተመልከቱ። ሠራተኛዋ በርራ ስለማታውቅ ደረቷ ቀጭን ነው፤ ንግሥቲቱ ግን የክንፍ ጡንቻ ስለምትሸከም ደረቷ ወፍራምና ጎበጥ ያለ ነው። ከተጠቃች በኋላ ክንፏን ራሷ ትገነጥላለች፤ የተገነጠለበት ጠባሳ በጎንና በጎኗ ይቀራል። በአጉሊ መነጽር ለሚያይ ደግሞ በግንባሯ ላይ ሦስት ጥቃቅን ዓይኖች ይታያሉ። ሆዷም ሞላ ያለ ነው።

ወንዱ ክንፍ አለው፤ ራሱ ግን ትንሽ ነው፣ ዕድሜውም አጭር። በተለይ የገብረ ጉንዳን ወንድ ትልቅ፣ ቡናማና ሆደ ረጅም ሆኖ መብራት ላይ ሲንደባለቅ ልጆች ንግሥት ይሉታል። የገብረ ጉንዳን ንግሥት እኮ ከመጀመሪያውም ክንፍ የላትም፤ ብቻዋንም ጎጆ አትመሠርትም።

በበኩሌ «ንግሥት» የሚለው ስም አይዋጥልኝም። ማንንም አታዝም፤ ትወልዳለች እንጂ። ሠራተኞቹም ሁሉ ሴቶች፣ የእሷው ልጆች ናቸው። ልጄ «ብቻዋን ተዘግታ ምን ትበላለች?» ብሎ ጠየቀኝ። በብዙዎቹ ዝርያዎች የመጀመሪያዎቹ ልጆች እስኪደርሱ ምንም አትበላም። ከእንግዲህ የማትበርበት የክንፍ ጡንቻ በሰውነቷ ውስጥ ይሟሟል፤ ልጆቿን የምታሳድገው ከዚያና ካከማቸችው ስብ ነው። ይህን ስሰማ የማውቃቸው ብዙ ሴቶች ትዝ አሉኝ። እንዲህ ጀምራ ረጅም ዕድሜ ታገኛለች፤ አንዲት የአውሮፓ ጥቁር ጉንዳን ንግሥት በሰው እጅ 28 ዓመት ያህል ኖራለች።

እንግዲህ እውነተኛዋን ካገኛችሁ፣ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ግርጌ ውኃ ጨምሩና በጥጥ ወትፉት፤ እሷን አስገብታችሁ አፉንም በጥጥ ዝጉ። በጨርቅ ሸፍናችሁ ጨለማ ቦታ አስቀምጡት። ልጁ በየሰዓቱ እየገለጠ እንዳያስደነግጣት፤ ስትሸበር እንቁላሏን ትበላለች። የእኛይቱ አሁን አራት ሠራተኞች አሏት። የበኩር ልጆች ናቸውና ደቃቆች ናቸው፤ የማር ጠብታ በክብሪት እንጨት ጫፍ ስናቀርብላቸው ግን ተሻምተው ይመጣሉ።