ንግሥተ ሳባ፤ ከመጽሐፍ ወደ ሥዕል

ውድ ልጆች! ዛሬ ስለ አንድ የቆየ ታሪክና ስለ ሥዕሉ እንማራለን።

በአዲስ አበባ ሥዕልና የእጅ ሥራ በሚሸጥባቸው ሱቆች ሰፊ ሸራ ተሰቅሎ አይታችሁ ይሆናል። ሸራው በትንንሽ አራት ማዕዘን የተከፋፈለ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 44 ክፍል አለው። እንደ መጽሐፍ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። ይህ የንግሥተ ሳባ ታሪክ ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ሥዕል ባየሁ ቁጥር ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሬ አንድ በአንድ አነባለሁ፤ እያነበብሁም «ሠዓሊው ይህን ከየት አገኘው?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ጥቅሙ ብዙ ነው። ለምን መሰላችሁ? አንድ ቀን ጓደኛችሁ ሥዕሉን አይቶ «ይህ እኮ በመጽሐፍ ቅዱስ የለም!» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ያልተማረ ልጅ ወይ ይቆጣል፣ ወይ ያፍራል። የተማረ ልጅ ግን ለይቶ ያስረዳል። ስለዚህ ሦስቱን ምንጮች እንለይ።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 10 እንደተጻፈው፣ ንግሥቲቱ የሰሎሞንን ጥበብ ሰምታ በእንቆቅልሽ ልትፈትነው ወደ ኢየሩሳሌም ሄደች። ሽቱ፣ የከበረ ድንጋይና 120 መክሊት ወርቅ ሰጠችው። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል 12፥42 «ንግሥተ አዜብ» ብሎ አንሥቷታል። ስሟና የልጇ ነገር ግን በዚያ አልተጻፈም።

ሁለተኛው ክብረ ነገሥት ነው። ይህ በግእዝ የተጻፈ ባለ 117 ምዕራፍ መጽሐፍ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአክሱሙ ይስሐቅ ከባልንጀሮቹ ጋር ያዘጋጀው ነው። የንግሥቲቱን ስም ማክዳ ብሎ የሚነግረን እርሱ ነው። 520 ግመል የሚጭነው ነጋዴ ታምሪን፣ ለንግሥቲቱ ጉዞ የተጫኑት 797 ግመሎች፣ ሰሎሞን ለልጁ ምልክት እንዲሆን የሰጣት ቀለበት፣ የቀዳማዊ ምኒልክ ወደ አባቱ መሄድና የታቦተ ጽዮን ወደ አገራችን መምጣት ሁሉ በዚህ መጽሐፍ ይገኛል።

ሦስተኛው የሕዝቡ አፈ ታሪክና የሠዓሊው ብሩሽ ነው። በብዙ ሸራዎች መጀመሪያ ላይ ሰው የሚገብርለት ትልቅ ዘንዶ ተሥሏል። ይህ ዘንዶ በክብረ ነገሥት የለም፤ ከአባቶችና ከእናቶች አፍ የተገኘ ነው። በኢየሩሳሌም በዴር ሱልጣን ገዳማችን ያለውን ትልቅ ሥዕል ብታዩ ደግሞ ከሰሎሞን ጋር ከቆሙት መካከል የዘመናችንን ሃይማኖተኞች አይሁድ ጥቁር ልብስና ባርኔጣ የለበሱ ታገኛላችሁ። ሠዓሊው በከተማዪቱ በዓይኑ ያያቸውን ሰዎች በጥንቱ ታሪክ ውስጥ አቁሟቸዋል ማለት ነው።

ልጆች! ይህ ታሪክ በሸራ ላይ ብቻ አልቀረም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ብዙ መጻሕፍት ሲወስድ ክብረ ነገሥትም አብሮ ተወሰደ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ደብዳቤ ልከው፣ ያለዚህ መጽሐፍ ሕዝቡ ትእዛዛቸውን እንደማይቀበል ገልጸው ለመኑ። መጽሐፉም በ1865 ዓ.ም. እንዲመለስ ተደረገ። አስቡት፤ ንጉሥ ወርቅና መድፍ ሳይሆን መጽሐፍ መልሱልኝ ሲል! በ1948 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም የንጉሡን ዘር ከቀዳማዊ ምኒልክ ይቆጥር ነበር፤ ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. አበቃ። የንግሥቲቱ ስም ግን ዛሬም ይጠራል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የደንበኞቹን ማበረታቻ «ሼባ ማይልስ» ብሎ ሰይሞታል።

እንግዲህ ዙፋኑ አልፎ ሥዕሉ ለምን ቀረ? እኔ እንደሚመስለኝ ንግሥቲቱ የሄደችው ጥበብ ፍለጋ ስለሆነ ነው። ወርቅ ነበራት፤ ግመል ነበራት፤ ነገር ግን «አውቃለሁ፣ ይበቃኛል» ብላ በቤቷ አልተቀመጠችም። ጌታችንም ያመሰገናት ጥበብን ለመስማት ከምድር ዳር በመምጣቷ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥዕል ስታዩ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ በመጽሐፍ ቅዱስ አለ? በክብረ ነገሥት አለ? ወይስ አፈ ታሪኩና ሠዓሊው የጨመሩት ነው? መልሱን ካላወቃችሁ መምህራችሁን ጠይቁ፤ መጠየቅ ከንግሥተ ሳባ የተማርነው ነውና።

የጥበብ ባለቤት እግዚአብሔር ማስተዋሉን ያድለን፤ አሜን።