ባትሪው ሞተ እንጂ ማርሹ አልሞተም

ልጅ ዕቃ ሲፈታ ስናይ «አበላሸኸው!» ለማለት እንቸኩላለን። እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ ስለ ሮቦት የማውቀው ከልጅ ልጄ የሰማሁትን ነው።

ልጅቷ ፍኖተ ሰላም አሥረኛ ክፍል ትማራለች። ከጓደኞቿ ጋር ለውድድር ዕቃ የሚሸከም ሮቦት ሊሠሩ ተነሡ። ያገኟቸው ትንንሽ ሞተሮች ይፈጥናሉ እንጂ ጉልበት የላቸውም። ስለዚህ ዓይኗን አናጢው አባቷ ድሪል ላይ ጣለች። «እንጀራችንን ልትፈቺው?» አላት። እውነቱን ነው፤ የቤቱ ቀለብ ከዚያ ነው። እሷም አኮረፈች።

ቡሬ ገበያ ወስጃት ባትሪው የሞተ አሮጌ ባለ 12 ቮልት ድሪል በርካሽ ገዛን። ብዙ ድሪል የሚጣለው ባትሪው ደክሞ እንጂ ማርሹ ተበልቶ አይደለም። በእኛ ሙያ አነጋገር፣ ልቡ ደከመ እንጂ ክንዱ ጤነኛ ነው።

ሲፈቱት አብሬ አየሁ። ፑንታ የሚነክሰው አፍ ውስጥ ያለው ብሎን፣ እንደ ብዙ ድሪሎች ሁሉ፣ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ካምቢዮው ውስጥ የመሐሏ ማርሽ ሦስት ማርሾችን ታዞራለች፤ እነሱም ውስጡ ጥርስ ባለው ቀለበት ዙሪያ ይሄዳሉ። የመሐሏ 12፣ ቀለበቱ 48 ጥርስ ቢኖራቸው ሞተሩ 5 ጊዜ ሲዞር መውጫው 1 ጊዜ ይዞራል፤ ሁለት ደረጃ ሲደረብ 25 ለ 1 ይሆናል። ፍጥነት ሲቀንስ ጉልበት ይጨምራል። ሲከብደው የሚንሸራተተውን ክፍል ደግሞ የፑንታ ምልክት ላይ አዙረው አጠበቁት፤ ጎማው ጭነት ላይ መንሸራተት የለበትም።

አሮጌውን ባትሪ ግን እንዳይነኩት ከለከልሁ፤ የሊቲየም ባትሪ ከተበሳ እሳት ያነሣል። የዓይን መከላከያ መነጽርም አስደረግኋቸው።

ይህ ብልሃት የድሃ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1992 በተጀመረው «ፈርስት» የተማሪዎች ውድድርም ቡድኖች የድሪል ሞተርና ካምቢዮ ይጠቀሙ ነበር። በአገራችንም አይኮግ ላብስ «ሶልቭ አይቲ» በተባለ ውድድር ወጣቶችን ሲያበረታታ ቆይቷል።

የጎማውን ማሰሪያ ቀዳዳ የበሳላቸው በመጨረሻ ማን መሰላችሁ? አባቷ ነው፣ በዚያው በእንጀራው ድሪል። ሮቦቱ በሞተር ሳይክል ባትሪ ተነሥቶ አምስት ኪሎ ጤፍ ተሸክሞ ግቢያችንን ዞረ። ውድድሩ ገና ነው፤ አባትና ልጅ ግን አሁን ማታ ማታ ስለ ማርሽ ጥርስ ይከራከራሉ።

እናንተም ጓዳ ጥግ የተጣለ ድሪል ካለ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ልጆቹን ጠይቁ።