የእቁቡ ግማሽ

እቁብ የወጣለት ሰው መጀመሪያ ያሰበው ባፍል ነው። ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር የሚኖር የሒሳብ ሠራተኛ። ሚስቱ ፍሪጁ ይቀየር አለች። ግማሽ በግማሽ ተስማሙ።

መርካቶ ሻጩ መጀመሪያ ያሳየው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው፤ «10,000 ዋት ፒኤምፒኦ» ይላል። ሰውየው በሙያው ልማድ ዕቃውን አዙሮ ጀርባውን አነበበ። ከሶኬት የሚወስደው 80 ዋት ነው። 80 ገብቶ 10,000 የሚወጣበት ሒሳብ የለም። ፒኤምፒኦ ለገበያ የሚጻፍ ቁጥር ነው፤ መጠየቅ ያለበት አርኤምኤስ የሚባለው፣ ዕቃው ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል ነው። ለኮንዶሚኒየም ሳሎን በያንዳንዱ ባፍል 30 ወይም 40 ዋት ይበቃል። ከዚያ በላይ ያማረው ሞንታርቦ ይከራይና ጎረቤቱንም ድግስ ይጥራ።

ሳይገዛ ተመለሰ። ቤት ሲገባ አሮጌዎቹን ባፍሎች ከጥግ አወጣቸው። ጥግ ላይ የተወሸቀ ባፍል ባሱ ያብጥና ዘፋኙን ይውጠዋል፤ ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ እየመለሱ ያጋጩታል። ባፍሎቹን ከግድግዳው ትንሽ አራቃቸው፣ በጆሮ ቁመት አስቀመጣቸው፣ መኝታ ቤት የነበረውን ምንጣፍ ሳሎን አነጠፈ። ሚስቱ ከኩሽና ብቅ ብላ «ይሄ ዘፈን ማሲንቆ ነበረው እንዴ?» አለች። ወጪው ዜሮ ብር።

ቀጥሎ የዘፈኑ ምንጭ መጣ። ፍላሹ ላይ ያሉት ዘፈኖች ሙዚቃ ቤት ያስጫናቸው ናቸው፤ ብዙዎቹ 128 ኪሎቢት ላይ የተጨመቁ ኤምፒ3 ናቸው። አንዴ የተጣለ ድምፅ በውድ ባፍል አይመለስም። ወጡ ከቀጠነ ድስት ቢቀይሩለት አይወፍርም። ልጁ ስልኳ ላይ የምትሰማበትን ስትሪሚንግ ከፈተችለትና ሒሳቡን ሠራ። በ320 ኪሎቢት አንድ ሰዓት መስማት 144 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ በቀን ሁለት ሰዓት ቢሰማ በወር ከ8 ጊጋባይት ትንሽ ያልፋል። ቤት ዋይፋይ ላለው ይህ ምንም አይደለም፤ በስልክ ጥቅል ለሚኖር ግን የወር በጀት ነው። ጥራቱ ያልተቀነሰው ደግሞ ከዚህ ከእጥፍ በላይ ይፈልጋል፤ በዚያ አሮጌ ባፍል ልዩነቱን የሚለይ ጆሮ ማግኘት ይከብዳል።

የፍለጋው ሣጥን ላይ የእናቱን ካሴቶች ስም በስም ይጽፍ ጀመር። አንዳንዱ ያስደስታል። አምሐ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የሸክላ አሳታሚ ድርጅቱን ከመሠረተ በኋላ የወጡ ብዙ ዘፈኖች አሉ፤ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲዲ ሰብስቦ ስላሳተማቸው ነው። ሰብሳቢ ያላገኘው ግን የለም። እናቱ ከሰባት ዓመት በፊት ስታርፍ የተወችለት 86 ካሴት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ስትሪሚንጉ ላይ ያገኘው ግማሹን እንኳ አይሞላም። የተገኘውም ቢሆን ኪራይ ነው፤ ክፍያው ሲቆም ወይም ባለመብቱና ድርጅቱ ውላቸውን ሲያፈርሱ ይጠፋል።

ከካሴቶቹ መካከል አንዱ ደግሞ ዘፈን የለበትም። ሳዑዲ ለነበረችው እህቱ እናቱ የቀዳችው የድምፅ ደብዳቤ ነው፤ ወሳጅ ሰው ጠፍቶ ሳይላክ ቀርቷል። ያን የትኛውም ኩባንያ አይጭነውም።

ዕቅዱ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው፤ ትክክልም ነው። ባፍል የዛሬ ዓመትም መርካቶ ይኖራል፣ ምናልባትም በተሻለ ዓይነት። የካሴት ክር ግን በየዓመቱ ይደክማል፤ በደንብ የሚሠራ ቴፕና ቴፕ መጠገን የሚያውቅ እጅም እየተመናመነ ነው። ሰውየው ከዘመድ ቤት አሮጌ ቴፕ ለምኖ አመጣ፤ ጠጋኙ የላላውን ጎማ ቀየረለት፣ ሄዱን በአልኮል ጠረገለት። ከቴፑ ወደ ኮምፒዩተር አንድ ገመድ፣ ለመቅጃ ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም። በሲዲ ጥራት አንድ ሰዓት 635 ሜጋባይት ይወስዳል፤ ሁሉም የ60 ደቂቃ ካሴት ቢሆን ጠቅላላው ወደ 55 ጊጋባይት፣ ማለትም አንድ ባለ64 ፍላሽ ላይ ይገባል። አንድ ፍላሽ ብቻ ማመን ግን ሞኝነት ስለሆነ ሁለተኛ ቅጂ ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ማቋረጫ መንገድ የለውም፤ የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ይፈጃል። በቀን ሁለት ቢቀዳ 43 ቀን።

ፍሪጁ ተገዝቷል። ከእሱ ድርሻ የጎደለው የጠጋኙ፣ የገመዱ፣ የፍላሹና የሃርድ ዲስኩ ዋጋ ነው፤ የቀረው ለባፍል ባንክ ተቀምጧል። ዘጠኝ ካሴት ቀድቷል፤ አንዱን ቴፑ ክሩን በልቶበት በእርሳስ ጠምዝዞ አድኖታል። የእናቱን ደብዳቤ እስካሁን አልነካውም፤ ቴፑ ሃያ ካሴት ሳይበላ እስኪያጫውት ይጠብቃል።