ጉርሻ በሴሬንጌቲ ሜዳ

ጉርሻ የሚለው ቃላችን ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው በገበታ ዙሪያ ሰው ለወዳጁ በእጁ ጠቅልሎ የሚያጎርሰው የፍቅርና የአክብሮት ምልክት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በየሆቴሉና በየቡና ቤቱ ለአስተናጋጅ ከሒሳብ በላይ የሚተው ገንዘብ ነው። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ነገሩ ለየቅል ነው። በገበታው ላይ የጎረሰ መልሶ ያጎርሳል፤ በሒሳቡ ላይ ግን ሰጪው ሁልጊዜ አንዱ ወገን፣ ተቀባዩም ሁልጊዜ ሌላው ወገን ነው። በሰሜን ታንዛኒያ የአራዊት ፓርኮች ባደረግሁት የስድስት ቀን ጉዞ፣ ከአንበሳውና ከዝሆኑ ይልቅ ብዙ ያነጋገረን ይኸው የጉርሻ ጉዳይ ነበር።

ሳፋሪ በስዋሂሊ ቋንቋ ጉዞ ማለት ነው። ወደ ንጎሮንጎሮና ወደ ሴሬንጌቲ የሚሄደው ሳፈረኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከአሩሻ ከተማ ነው። አሩሻ እ.ኤ.አ. በ1967 የጁሊየስ ኔሬሬ ፓርቲ ታዋቂውን መግለጫ ያወጀባት ከተማ ናት። መግለጫው ገንዘብ የልማት መሠረት ሊሆን እንደማይችል፣ መሠረቱ ሕዝብ፣ መሬት፣ መልካም ፖሊሲና መልካም አመራር እንደሆነ ያስረዳ ነበር። ዛሬ በዚያችው ከተማ እንግዳው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሰላው የኪሱን ገንዘብ ነው። በ1000 ሽልንጉ ኖት ላይ የኔሬሬ ምስል አለ። በ2000ው ላይ አንበሳ፣ በ5000ው ላይ አውራሪስ፣ በ10000ው ላይ ዝሆን ታትሟል። ስለዚህ ተጓዡ ሊያይ የመጣውን አውሬ ገና ሜዳው ላይ ሳይደርስ በኪሱ ይዞት ይዞራል።

የፓርኩ መግቢያ ክፍያ በጥሬ ገንዘብ አይፈጸምም። የማደሪያውና የምግቡ ዋጋም አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የተከፈለ ነው። ስለዚህ በሜዳው ላይ የጥሬ ገንዘብ ዋና ሥራ ጉርሻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዶላር ይዞ የሚመጣ ሰው እ.ኤ.አ. ከ2006 በፊት የታተመ፣ የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ኖት በብዙ ቦታ ተቀባይ እንደማያገኝ ሊያውቅ ይገባል። ከዚህም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው የተቀባዩ ችግር ነው። የመመንዘሪያ ቤቶች ትናንሾቹን የዶላር ኖቶች ከባለ 100ው ባነሰ ዋጋ ይገዛሉ፤ የውጭ አገር ሳንቲም ደግሞ ፈጽሞ አይመነዝሩም። እንግዳው ኪሱን ለማቅለል ብሎ የሚሰጠው ሳንቲም ለሠራተኛው ከጠጠር አይሻልም። በአገሩ ሽልንግ የሰጠ ሰው ግን ሠራተኛው ማታውኑ ዳቦ ሊገዛበት የሚችለውን ገንዘብ ሰጠ ማለት ነው።

ለሹፌሩና ለአስጎብኚው ከመላው ቡድን በቀን ከ20 እስከ 25 ዶላር መስጠት እንደ ልማድ ይነገራል። በየማደሪያው ደግሞ ለሠራተኞች በጠቅላላ የሚከፋፈል የጉርሻ ሣጥን ይቀመጣል። ሣጥኑ የሚያስፈልገው ሳህን የሚያጥበውንና ሌሊት የሚጠብቀውን ሰው እንግዳው ስለማያየው ነው። አስጎብኚም ሹፌርም የነበረው ሰው፣ አንድ ቀን ማታ እሳት ዙሪያ ተቀምጠን ሳለ፣ «ካካ» አለኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። «የደመወዜን ልክ እኔ አውቀዋለሁ፤ የጉርሻዬን ልክ የሚያውቀው ግን እንግዳው ብቻ ነው። የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ያለው ደግሞ በጉርሻው ውስጥ ነው። በኤፕሪልና በሜይ ትልቁ ዝናብ ሲመጣ እንግዳም የለም፣ ጉርሻም የለም።»

ከጓዶቻችን አንዱ ጉርሻ ሰውን ለልመና ማስለመድ ነው ሲል ተከራከረ። ሌላው ደግሞ ነብር ካሳየን በዛ አድርገን፣ ካላሳየን አሳንሰን እንስጥ አለ። በእኔ እምነት ሁለቱም ነገሩን ስተውታል። አሠሪው ደመወዙን የሚተምነው ጉርሻውን አስቀድሞ ቆጥሮ ከሆነ፣ ጉርሻው ከስጦታነት ይልቅ የደመወዝ ቁራጭ ነው። እርሱን የሚከለክል እንግዳ አሠሪውን ሳይሆን ሠራተኛውን ይቀጣል። ነብሩም ቢሆን የሚወጣው በራሱ ፈቃድ ነው። የሹፌሩ ድርሻ ንጋት ላይ መነሣቱ፣ ዱካ ማንበቡ፣ ጭቃ ውስጥ የገባችውን መኪና ማውጣቱ ነው። ዋጋ የሚገባውም ይኸው ድካም ነው።

በዚያው አገር ኪሊማንጃሮን በሚወጡ ቡድኖች ዘንድ የሚታይ አንድ መልካም ልማድ አለ። በጉዞው ፍጻሜ የጉርሻው ድምር፣ የመሪውም፣ የምግብ አብሳዩም፣ እስከ 20 ኪሎ ሸክም ተሸክሞ የወጣው ወጣትም ድርሻ፣ በሁሉም ፊት ጮክ ተብሎ ይነገራል። እንዲህ ሲሆን በአለቃው ኪስ ውስጥ የሚቀር ነገር አይኖርም። በፖስታ ታሽጎ ለአንድ ሰው ከሚሰጥ ገንዘብ ይልቅ በአደባባይ የተነገረ ድርሻ ፍትሕን ያስከብራል።

የእኛም አዝማሪ በአደባባይ ይሸለማል። ብሩ በግንባሩ ላይ ሲለጠፍለት ቤቱ በሙሉ ያያል፤ እርሱም ያንኑ በግጥም ይመልሳል። ስለዚህ አዝማሪ ሲቀበል አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት የለውም። በሴሬንጌቲም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። እኛ ባዶ ሣር ብቻ ባየንበት ሜዳ ላይ የተኛችውን አንበሳ የለየልን፣ ከግራሩ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለው ጭራ የነብር መሆኑን ያሳየን ያ ሹፌር ነው። በዓይኑ አስቀድሞ ያጎረሰን እርሱ ነው። የእኛ ገንዘብ የመልስ ጉርሻ ነው። የመልስ ጉርሻ ደግሞ በሁለት እጅ፣ በንጹሕ ኖት፣ ስምን ጠርቶ፣ ዓይን ለዓይን ተያይቶ ይሰጣል። ሆኖም ግን መደበኛ ምግብን እንደማይተካ ሁሉ፣ አሠሪው የሚከፍለውን ደመወዝም ሊተካ አይገባውም።