ባቲ ኦኪናዋ ምን ይሠራል?

ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እሑድ ነው፤ ከቤት አልወጣሁም። ከጠዋት ጀምሮ የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ነው። ሸክላውን እያገላበጥኩ፣ አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ እየጠረግሁ፣ ቡና ሲፈላ እንኳ ሳላቆመው።

ጌታቸው ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን የተጫወተ ሰው ነው። የውጭ ጸሐፊዎች ስለ እሱ ሲጽፉ ቶሎ ብለው የአሜሪካን ጃዝ ነፃ አውጪዎች ይጠራሉ፤ ኦርኔት ኮልማንን በተለይ። ክፋት የለበትም፣ ለአንባቢያቸው መንገድ ማሳየታቸው ነው። እኔ ግን ስሰማው የሚታየኝ ፎካሪ ነው። ትንፋሹን የሚያጠራቅምበት፣ አንዷን ድምፅ ይዞ የሚያንቀጠቅጥበት፣ ከዚያ ድንገት ዘሎ የሚወርድበት ሁኔታ ሁሉ ከፎካሪ ጉሮሮ የመጣ ነው። መሣሪያው የፈረንጅ ይሁን እንጂ ንግግሩ የጎራዴና የጎፈር ነው። መድረክ ላይም ጎፈር ለብሶ ይወጣ ነበር።

እርጅናው ውስጥ ከሆላንዶቹ የፓንክ ሙዚቀኞች ከ«ዘ ኤክስ» ጋር ተጫወተ፤ «ሞዓ አንበሳ» የተባለው አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። አንዳንድ የእኔ ዕድሜ ሰዎች የጊታሩን ጩኸት አይወዱትም። እኔ እወደዋለሁ። ፉከራ መቼ ጨዋ ሆኖ ያውቃል?

ጥቅምት 19 ቀን

የእህቴ ልጅ ክራር ይማራል። ማታ በቴሌግራም አንድ የድምፅ ፋይል ላከልኝና ወዲያው ደወለ።

«ጋሼ፣ የት አገር እንደሆነ ገምት።»

አንድ ሽማግሌ ይዘፍናል፤ ከሥሩ አጭር፣ ደረቅ ያለ የአውታር ድምፅ ይከተለዋል። «ክራሩ ክራር አይደለም፤ ቅኝቱ ግን ባቲ ነው» አልኩት።

«ጃፓን ነው ጋሼ! ኦኪናዋ!»

ዘፋኙ ካዴካሩ ሪንሾ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1999 የኖረ፣ የኦኪናዋ የባህል ዘፈን አባት የሚሉት ሰው። መሣሪያው ሳንሺን ይባላል፤ ሦስት አውታር ያለው፣ ሆዱ በዘንዶ ቆዳ የተወጠረ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ቤቴ ውስጥ ሌላ ነገር አልተሰማም ማለት ይቻላል።

ነገሩን በኖታ ላስቀምጠው። ዋናው ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። የኦኪናዋው ቅኝትም ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። አምስቱም ድምፆች እነዚያው ናቸው። ይህ ብቻ ቢሆን አጋጣሚ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ግን ከዋናዎቹ የጃፓን ደሴቶች የድሮ የኮቶና የሻሚሴን ሙዚቃ ሲሰማ ደግሞ አምባሰል ይመጣል፦ ዶ፣ ግማሽ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ግማሽ ዝቅ ያለ ላ። እነ ሚሶራ ሂባሪ የሚያንጎራጉሩት ኤንካ የተባለው የትካዜ ዘፈን ውስጥ ደግሞ ትዝታ አለ፤ ያውም አንጀት የሚበላው፣ ሚውና ላው ዝቅ የሚሉበት። ባቲ፣ አምባሰል፣ ትዝታ፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሦስቱ እዚያ ተቀምጠዋል። አንቺሆዬን ገና አላገኘሁትም፤ ልጁ እፈልገዋለሁ ብሏል።

ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ባወራላቸው ሁሉም ወዲያው የኮሪያ ዘማቾችን አነሡ። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ለዕረፍት ጃፓን ሄደው ዜማ ይዘው መጡ ነው ነገሩ። ወታደሮቹ ጃፓንን ማየታቸው እውነት ነው፤ ዜማ ወድደው መመለሳቸውንም አልጠራጠርም። ግን ቃኘው ወደ ኮሪያ የዘመተው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ባቲም አምባሰልም ከዚያ በፊት ነበሩ፣ ኮቶም እንደዚሁ። የእኔ ግምት ቀለል ያለ ነው። ከአሥራ ሁለት ድምፅ ውስጥ ለጆሮ የሚመቹ አምስቱን ምረጥ ቢባል ምርጫው ያን ያህል ሰፊ አይደለም። ሣርና እንጨት ያለው ሕዝብ ሁሉ፣ ሳይተያይ፣ ክብ ጎጆ ሊሠራ ይችላል።

የሚለያቸው ዜማው ከድምፆቹ ጋር የሚያደርገው ነገር ነው። የእኛ ዘፋኝ አንዷ ድምፅ ላይ ይቆምና ያንቆረቁራታል፣ በእርግብግቢት ያደርሳታል፣ እስኪጠግባት አይለቃትም። ካዴካሩ ግን ይጥላታል። ይላትና ያልፋል። ባቲን እንዲህ ያለ ስስት ሲዘፍኑት ስሰማ ባቲን ራሱን እንደገና ሰማሁት።

ኅዳር 2 ቀን

መብራት የለም። በድንጋይ የሚሠራው ቴፕ ከቁም ሳጥን ወጣ።

የገባው ካሴት የመሐመድ ዋርዲ ነው። ዋርዲ ኑቢያዊ ነው፤ ከሱዳን ሰሜን፣ ከዓባይ ዳር ከሳዋርዳ መንደር። ከዑዱ በፊት እጁን ያፍታታው በጠምቡር ነው፤ ጠምቡር ማለት አምስት አውታር ያለው የክራር ወንድም ነው። እዚህ ዝምድናውን ለማስረዳት እስከ ጃፓን መሄድ አያስፈልግም፤ ወንዙ ራሱ ከእኛ ይወርዳል። ሠርግ ላይ አረብኛ ሳናውቅ የሰይድ ኸሊፋን ዘፈን አብረን ስንጮህ ያደግን ሰዎች ነን። የሱዳኖቹ ልዩ ነገር ቫዮሊኑ ነው፤ ረድፍ ሙሉ ቫዮሊን አንድ ዜማ ይዞ ዘፋኙን ይከተለዋል፤ ስምምነት የሚባል ነገር ሳይጨምር፣ እንዲያው ያንኑ ዜማ ያወፍረዋል። ሌላ ቦታ ቢሆን ይሰለቻል። ካርቱም ላይ ግን ጉልበቱ እሱ ነው።

ባትሪው ስላለቀ ዋርዲ እየጎተተ፣ እየወፈረ ሄደ። አቆምኩት።

ታኅሣሥ 8 ቀን

ሁሉን ነገር ከቅኝታችን ጋር ማዛመድ ልማድ ሊሆንብኝ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሆን ብዬ ዘመድ ያልሆነ ነገር አወጣሁ፤ የማሊያዊውን የቱማኒ ዲያባቴን «ካይራ»። ቱማኒ ባለፈው ሐምሌ አረፈ። «ካይራ» እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ ሲሆን ዘፋኝ የለው፣ ከበሮ የለው፤ ኮራ ብቻ ነው። ኮራ ሃያ አንድ አውታር አለው፤ የሚደረደረውም በሁለቱ እጆች አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት፣ በአራት ጣት ማለት ነው። ከአራቱ ጣቶች ቤዙም፣ ዜማውም፣ ከላይ የሚረጨው ጌጥም ይወጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ሦስት ተጫዋች አለ ብሎ ይከራከራል፤ ከባልደረባዬ ጋር ተከራክረናል።

ቅኝቱ ሰባት ድምፅ ነው። ጆሮዬ የሚቀመጥበት አጥቶ ትንሽ ተንከራተተ፤ ከዚያ ለመደ። በማንዴ አገር ይህ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ጄሊ ይሏቸዋል። የነገሥታቱን ዘር የሚቆጥሩ፣ የሚያመሰግኑ፣ ሲያስፈልግም የሚነኩ ናቸው። አዝማሪ ማለትስ ይኸው አይደል? ዘመድ ያልሆነ ብዬ ባወጣሁት ዘመድ ተገኘ። ተውኩት።

የካቲት 20 ቀን

ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ ሬዲዮው በገና ጀምሯል። ብዙ ሰው በገናን በጾም ብቻ፣ ያውም ታክሲ ውስጥ፣ ጥሩምባ እየተነፋ ይሰማዋል። በገና ታክሲ ውስጥ አይሰማም፤ ወይም የሚሰማው ግማሹ ብቻ ነው። የዓለሙ አጋን ቅጂ ማታ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ስሙት። ከአውታሩና ከብርኩማው መካከል የገባችው የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራዋ፣ ያንን የሚነዝር ድምፅ ትሰጠዋለች። እሷ ባትኖር አሥሩ አውታር ትልቅ ክራር ነበር።

ከበገናው ቀጥሎ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አደረግሁ። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፤ በልጅነቷ ስዊዘርላንድ የተማረች፣ በጣሊያን ወረራ ከቤተሰቧ ጋር አዚናራ ደሴት የታሰረች፣ ካይሮ ላይ ፒያኖና ቫዮሊን ያጠናች፣ ከዚያ ሁሉን ትታ ግሸን ማርያም የመነኮሰች። የመጀመሪያ ሸክላዋ ጀርመን ውስጥ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ለአርባ ዓመት ገደማ ኖራ እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመቷ አረፈች። ውጭ አገር ሲያስተዋውቋት ጃዝ ይላሉ፣ ብሉዝም ይላሉ። አልስማማም። ቀኝ እጇ የሚያደርገውን ስሙት፤ ድምፅን ከመድረሱ በፊት በትንንሽ ድምፆች ይከብበዋል፣ ይዘገያል፣ ከዚያ ይቀመጣል። ይህ የማሕሌትና የእንጉርጉሮ ሥራ ነው። ፒያኖ ላይ ማንም እንዲህ አላደረገውም።

ሚያዝያ 19 ቀን

ፋሲካው አልፏል፤ ቤቱ ገና ቅቤ ቅቤ ይሸታል። የእህቴ ልጅ መጥቶ የካሴት ሳጥኔን አብረን ስናስተካክል ዋልን።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ቤዝ የሚመታው ማን ነው?» ይላል። ልባሱን እናወጣለን፤ የድምፃዊው ፎቶ አለ፣ ግጥምና ዜማ የማን እንደሆነ አለ፣ የሙዚቃ ቤቱ አድራሻ ከነስልኩ አለ። ቤዝ የለም። ድራም የለም። ሳክስፎኑ እንዲያ የሚያስለቅሰው ሰውዬ ስም የለውም። ከሳጥኑ እኩሌታው እንዲህ ነው።

ግርማ በየነን አነሣሁለት። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ ያውም ሥራው የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ መብት በነበረበት ጊዜ፣ ከዚያ ዘመን ዘፈኖች ስንቱን ያቀናበረው ግርማ ነበር። የዋሊያስ ባንድን «ሙዚቃዊ ስልት» የደረሰውም እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ቸ በለው» ላይ ያለው፣ ዓለም ሁሉ የሚጫወተው። ሰውዬው ግን አሜሪካ ሄዶ ለብዙ ዓመታት ነዳጅ ማደያ ሠራ። ስሙን እንደገና ከመዝገብ ያወጡት ፈረንሳዮች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከፓሪሶቹ አካሌ ውቤ ጋር አዲስ አልበም አወጣ። እዚያው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ የኖረው የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያም ወደ መድረክ የተመለሰው፣ አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ካሴቱን ገዝቶ ስለወደደው ነው። ደስ ይላል፤ ያሳፍራልም።

ልጁ እርሳስ አምጥቶ የምናውቃቸውን ስሞች ልባሱ ላይ መጻፍ ጀመረ። «ጆቫኒ ሪኮ፣ ቤዝ፣ አይቤክስ ባንድ»፤ «ሰላም ስዩም፣ ጊታር»። ያላወቅነውን ባዶ ተውነው።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሳጥን ይኖራል። በየሰፈሩ በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስ ኦርኬስትራ፣ በምሽት ክበቦች የተጫወቱ አባቶች ገና በሕይወት አሉ፤ ማን ምን እንደተጫወተ ያስታውሳሉ። ካሴቱን ይዛችሁ ሂዱ፣ አሰሟቸው፣ ጠይቋቸው፣ የነገሯችሁን እዚያው ልባሱ ላይ ጻፉ።