ባትሪው ጥፋተኛ ነው ያለው ማን ነው?

ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለችው ሲሪንቃ በማለዳ የምትነሳ ከተማ ናት። ሚኒባሱ ተሳፋሪ ይጠራል፣ ባጃጁ ይሽከረከራል፣ አይሱዙው ጭነቱን ይዞ ይንቀሳቀሳል። አንዳንዱ መኪና ግን እንቢ ይላል። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ያቃስትና ዝም ይላል። ረዳቱ ይወርዳል፣ መንገደኛ ይለመናል፣ መኪናው በግፊ ይነሳል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፦ «ባትሪው ሞቷል፤ ቀይረው!»

ይህ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ምንም ሳይለካ ነው። ዲናሞው መሙላት ቢያቆም፣ ሞተሪኖው ቢደክም፣ የገመዱ ጫፍ ቢዝግ፣ ሌሊቱን ሙሉ የበራ አምፖል ቢኖር ምልክቱ ወጥቶ የሚታየው በባትሪው ላይ ነው። ስለዚህ ሁሉም እሱን ይከሳል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

የተሳሳተ ፍርድ ዋጋ ደግሞ ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚገባ ባትሪም ከዚህ አያመልጥም። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ። ባለ አንድ መኪና ሹፌር ደህናውን ባትሪ ጥሎ አዲስ ሲገዛ የሚያወጣው የልጆቹን የትምህርት ወጪ ወይም የመኪናውን ጎማ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ እውነተኛው ጥፋት እዚያው ስለተቀመጠ አዲሱም ባትሪ በሳምንት ውስጥ መውረዱ ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ጆሮና ዓይን ይበቃሉ። የፊት መብራቱ በርቶ ቁልፉ ይዙር። መብራቱ ደብዝዞ ሞተሩ በዝግታ ከዞረ፣ ጉልበት አንሷል፤ ባትሪው ወይም ገመዱ ይጠረጠራል። መብራቱ ጭራሽ ጥፍት ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የባትሪው ራስ ላይ ያለው ማሰሪያ ላልቷል ወይም ዝጓል። መብራቱ ደምቆ እንዳለ ሞተሩ ካልዞረ ደግሞ ባትሪውን መክሰስ ግፍ ነው፤ ሞተሪኖው፣ የቁልፍ መስመሩ ወይም ፊውዙ ይፈተሽ። በፍጥነት «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ የደከመ ባትሪ ወይም የላላ ግንኙነት ምልክት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ግን ዓይን ወደ ሞተሪኖው ይዞራል።

ሁለተኛው ምርመራ ቴስተር ይፈልጋል። ባለ 12 ቮልት የሚባለው ባትሪ በውስጡ 6 ክፍሎች አሉት፤ ሲሞላ እያንዳንዳቸው ወደ 2.1 ቮልት ይሰጣሉ። ስለዚህ መኪናው ለሰዓታት ካረፈ በኋላ ሙሉ ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። 12.4 ከሆነ ሦስት አራተኛ ያህል፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ነው። ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ባዶ ማለት ግን ሙት ማለት አይደለም፤ ተሞልቶ እንደገና ይለካ። ቻርጅ ተደርጎም ወደ 10.5 ገደማ ላይ ከቀረ ያኔ ከስድስቱ አንዱ ክፍል መሞቱ ይጠረጠራል።

ቆሞ ደህና የሚመስል ባትሪ ሥራ ሲሰጠው ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ቁልፉ እየዞረ ይለካ። ሙሉ የነበረ ባትሪ ሞተሩን ሲያዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ደክሟል ለማለት ይቻላል፤ ሞተሪኖው ተጣብቆ ከልክ በላይ እየጎተተ እንዳልሆነ ግን መታየት አለበት። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ ይለካ። ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው። 12 ምናምን ላይ ከቆመ ችግሩ ዲናሞው፣ ቺንጊያው ወይም መስመሩ ነው። ከ15 ካለፈ ደግሞ ባትሪው ውስጥ ያለው ውሃ እየፈላ ያልቃል።

እዚህ ላይ አንድ ክፉ ልማድ አለ። ዲናሞው ይሞላ እንደሆነ ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንቀል። በድሮ መኪና ላይ ብዙ ጉዳት ላያደርስ ይችል ነበር፤ በኮምፒዩተር በሚታዘዝ መኪና ላይ ግን በድንገት የሚነሳው ከፍተኛ ቮልቴጅ የዲናሞውን ዳዮዶችና ኮምፒዩተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ሁለቱን ራሶች በብረት ነካክቶ ብልጭታ ማየትም ምርመራ አይደለም። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ጋዝ ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል፤ አሲዱም ፊት ላይ ነው የሚረጨው።

ብዙዎች የሚያልፉት ትንሹን ነገር ነው፤ ገመዱን። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት የለበሰ ራስ ጉልበት አያሳልፍም። ከባትሪው ወደ ሞተሩ አካል የሚሄደው የኔጌቲቭ ገመድም እንዲሁ ይረሳል። ሞተሩ ሲዞር በአንድ ገመድ ሁለት ጫፎች መካከል ከግማሽ ቮልት በላይ ከጠፋ፣ ሌባው ገመዱ ነው። መድኃኒቱ ብረት ብሩሽ፣ ሙቅ ውሃና ጠንካራ ማሰሪያ ነው። ስንት ደህና ባትሪ በዚህ ምክንያት ተጥሏል!

ማታ ደህና አድሮ ጠዋት የሚወርድ ባትሪ ደግሞ የሌሊት ሌባ አለው። በኋላ የተገጠመ ቴፕ፣ ማንቂያ ደውል፣ የዕቃ ሳጥን አምፖል፣ የተበላሸ የዲናሞ ዳዮድ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ነገር ከጠፋና ጥቂት ከተቆየ በኋላ መኪናው የሚስበው ከ50 ሚሊ አምፔር ብዙም መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ፊውዝ እየነቀሉ መፈለግ ነው። የትኛው ሲነቀል ፍጆታው እንደሚወርድ ሲታይ ሌባው ይያዛል።

በዚህ መንገድ የሚመላለሱ ብዙ አይሱዙዎች በ24 ቮልት ነው የሚሠሩት፤ ሁለት ባትሪ ተቀጥሎ ማለት ነው። ለቴፕ ወይም ለስልክ ቻርጀር ተብሎ ከአንደኛው ባትሪ ብቻ 12 ቮልት ሲወሰድ አንዱ እየጎደለ፣ ሌላው ከልክ በላይ እየተሞላ ሁለቱም ያረጃሉ። ለየብቻ ሳይለኩ «24 አለ» ማለት አይበቃም። ከአሮጌው ጎን አንድ አዲስ ማሰርም አዲሱን ቶሎ ያስረጀዋል።

ቦታውም የራሱ ድርሻ አለው። መርሳና ሲሪንቃ ላይ ያለ ችግር የሚነሳ መኪና፣ ከወልድያ ተነስቶ ድልብን ወጥቶ ጋሸና ካደረ ጠዋት ሊለግም ይችላል። ብርድ የባትሪውን ጉልበት ይቀንሳል፣ ዘይቱን ያወፍራል፣ ሞተሩን ያከብደዋል። ባትሪውን ያስረጀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ብርዱ ሳይሆን ቀደም ብሎ በቆላው ያሳለፈው ሙቀት ነው።

መቆምም እንደዚሁ ነው። መንገድ ሲዘጋና ነዳጅ ሲጠፋ መኪና ለሳምንታት ይቆማል። የሰሜን ወሎ ሰው ደግሞ ባለፉት ዓመታት መንገድ መዘጋትን በደንብ ያውቀዋል። የቆመ ባትሪ በራሱ ይወርዳል፤ ጎድሎ ሲቆይ በሰሌዳዎቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይጋገርና መልሶ መሙላት ያስቸግራል። መኪናው ሊቆም መሆኑ ከታወቀ መጀመሪያ ባትሪውን ሞልቶ የኔጌቲቭ ገመዱን መፍታት ብዙ ያድናል። በግፊ ተነስቶ ወልድያ ደርሶ መመለስ ግን ባዶ ባትሪ አይሞላም፤ ቻርጀር ላይ ለሰዓታት መቆየት አለበት። በአሮጌ ባትሪ ላይ አሲድ መጨመርም ጥገና አይደለም። የሚያልቀው ውሃው ስለሆነ የሚጨመረውም የተጣራ ውሃ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ ብዙ ጊዜ ያውቀዋል። ታዲያ ለምን አይለካም? መልሱ ባለመኪናውን ይመለከታል። ባትሪ ለቀየረለት ሰው ሳያቅማማ ይከፍላል። ግማሽ ሰዓት ለክቶ፣ ገመድ ጠርጎ፣ «ባትሪህ ደህና ነው» ላለው ባለሙያ ግን «ምን ሠራህና!» ይለዋል። ዕቃ መቀየር የሚያስከፍል፣ ጥፋት ማግኘት ግን በነጻ የሚጠበቅ ከሆነ ባለሙያው ወደሚከፈልበት ቢያዘነብል አይገርምም። ግምቱን ያስፋፋው ባለሙያው ብቻ አይደለም፤ ለምርመራ ገንዘቡን የሚሰስት ደንበኛም ነው።

ሲሪንቃ ግን ከመፍረድ በፊት መለካትን የማታውቅ ቦታ አይደለችም። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚገኘው እዚህ ነው። አንድ የማሽላ ዝርያ አንድ ማሳ ላይ አምሮ ስለታየ ብቻ ለገበሬ አይሰጥም። በተለያየ ቦታና በተለያየ ዓመት ተዘርቶ፣ ምርቱ ተመዝኖ፣ ከነባሩ ጋር ተወዳድሮ ነው። የገበሬው ዓመት በግምት እንዳይበላ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። የሹፌሩ ገንዘብስ ለምን በግምት ይበላል?

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻም አይደለም። ገጠር ውስጥ በሌሊት ምጥ የያዛት እናት ወልድያ የምትደርሰው አንዳንዴ በጎረቤት መኪና ነው። ያን ሌሊት መኪናው እንዲነሳ የሚያደርገው ቀን ላይ ተፈልጎ የተገኘ ጥፋት እንጂ በግምት የተገዛ አዲስ ባትሪ ላይሆን ይችላል። ቴስተር ውድ ዕቃ አይደለም፤ ለለካ ሰው የድካሙን መክፈልም ከአዲስ ባትሪ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ባትሪው ይቀየር የሚል ሁሉ መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ ስንት ቮልት አነበብክ?